የአረብኛ ዜማ በማስተርስ ለማጥናት ለምታስቡ፦ ካይሮ ላይ ጆሮዬ ያስተማረኝ

ማስተርሴን ጨርሼ ከካይሮ ከተመለስኩ ወዲህ አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰኛል። "የአረብኛ ዜማ ማጥናት እፈልጋለሁ፣ ከየት ልጀምር?" ይሉኛል። ብዙዎቹ የሚፈልጉት የማመልከቻውን ነገር ነው። እሱንም እነግራችኋለሁ። ግን እኔን አንድ ዓመት ሙሉ ያንገላታኝ ወረቀቱ አልነበረም፣ ጆሮዬ ነው። ቀድሞ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው ዛሬ ቁጭ ብዬ የምጽፈው።

የደሴ ልጅ ነኝ። ልጅ ሆኜ ቁርአን ቀርቻለሁ፣ ቤታችን መንዙማ ሳይሰማበት ያለፈ የሐሙስ ማታ ትዝ አይለኝም። አዲስ አበባ ገብቼ ደግሞ ሙዚቃ ተማርኩ፣ ዋና ትምህርቴም ድምፅ ነበር። ስለዚህ ካይሮ ስሄድ ምንም የጎደለኝ አልመሰለኝም። የአረብኛ ፊደል አነባለሁ፣ ኖታ አነባለሁ፣ አዳራሽ ውስጥ ዘፍኜ አውቃለሁ።

የመጀመሪያው ቀን አስተማሪዬ የፒያኖውን ክዳን ዘጉት። አዛውንት ናቸው፣ ኡድ የሚባለውን የአረብ ባለ ክር መሣሪያ ታቅፈው ነው የሚያስተምሩት፣ ሁላችንም "ኡስታዝ" እንላቸዋለን። ተማሪ መጀመሪያ የሚይዘውን ማቃም (የአረብ ዜማ ቅኝት ማለት ነው)፣ ራስትን፣ ከዶ አስነስተው ሦስት ድምፅ መቱልኝና "በይ" አሉኝ። ዶ አልኩ፣ ሬ አልኩ፣ ሦስተኛው ላይ ስደርስ ሚ አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ። ዝቅ አደረግኩት፣ ሚ ቤሞል ሆነ። አሁንም ነቀነቁ። "ኢስማዒ፣ ያ ቢንቲ" አሉኝ፣ ስሚ ልጄ ማለታቸው ነው። እሳቸው የሚፈልጉት በሁለቱ መሃል ያለውን ነበር። ያን ቀን አንድ ድምፅ ላይ ክፍለ ጊዜው አለቀ። አላገኘሁትም። ወጥቼ አባይ ዳር ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያ ሦስተኛ ድምፅ ሲካ ይባላል። ፒያኖ ላይ ቦታ የለውም፣ በነጩና በጥቁሩ ቁልፍ መሃል ነው የሚወድቀው። በቁጥር ላስቀምጥላችሁ። ዶን 200 ኸርዝ ላይ ብትይዙ (ኸርዝ ድምፁ በሰከንድ ስንቴ እንደሚርገበገብ ነው)፣ የፒያኖው ሚ ቤሞል 238 አካባቢ ነው፣ ሚ ደግሞ 252 አካባቢ። መጽሐፍ ላይ ያለው ሲካ እኩል መሃላቸው፣ 245 አካባቢ ይሆናል። ኦክታቩን፣ ማለትም ከዶ እስከ ቀጣዩ ዶ ያለውን፣ ለ24 እኩል ሩብ ድምፅ የሚከፍለው አቆጣጠር ይህን ነው የሚላችሁ። የዘፋኝ ጉሮሮ ግን እኩል መሃል ላይ አይቀመጥም። ያው አንድ ስም ያለው ሲካ ራስት ውስጥ ከፍ ይላል፣ ባያቲ የሚባለው ማቃም ውስጥ ዝቅ ይላል። ሀገርም ይለየዋል። የሶርያዋ የሐለብ ሰው ከካይሮው ሰው ከፍ አድርጎ ነው የሚይዘው። ኖታ ላይ ግን የሁሉም ምልክት አንድ ነው። ስለዚህ ኖታ አንባቢ ሆናችሁ ብትሄዱ፣ ወረቀቱ የማይነግራችሁን ነገር ነው ልትማሩ የምትሄዱት።

ለኛ ደግሞ ሌላ ችግር አለ። የኛ ቅኝቶች፣ ትዝታም ባቲም አምባሰልም አንቺሆዬም፣ በአምስት ድምፅ ነው የሚሄዱት። የክራርና የመሲንቆ ቅኝት ከፒያኖ ጋር አንድ ነው እያልኩ አይደለም፣ ልዩነት እንዳለው መቃኘት የሚችል ሰው ያውቀዋል። ግን በአምስት ድምፅ ያደገ ጆሮ ሰፊ እርምጃ ለምዷል። ሬ ላይ ቆሞ ትንሽዬ፣ ሙሉም ግማሽም ያልሆነች እርምጃ ሂድ ሲባል ወይ ይዘላታል ወይ ያሳጥራታል። ክፍላችን ውስጥ አንዲት ሱዳናዊት ነበረች፣ አረብኛ የአፍ መፍቻዋ ነው፣ ቃላቱ አይከብዷትም። ሲካ ላይ ግን እሷም እንደኔው ነበረች፣ ምክንያቱም አብዛኛው የሱዳን ዘፈንም በአምስት ድምፅ ነው። ሁለታችንም መጀመሪያ የገባን ያኔ ነው። ችግሩ ቋንቋ አይደለም።

ታዲያ ምን ረዳኝ? የመጀመሪያው፣ ድምፁን ለብቻው መፈለግ መተው ነው። ኡስታዝ የነገሩኝ ይህንን ነው፣ ግን እስኪገባኝ ወራት ወሰደ። የአረብ ማቃም የሚሠራው ጂንስ ከሚባል ነገር ነው፣ ሦስት አራት ወይም አምስት ድምፅ አብረው የሚሄዱበት። ጂንሱን እንደ ቃል ያዙት፣ ፊደል በፊደል አትቁጠሩት። "ደሴ" ስትሉ "ደ" የት እንደሚያልቅ አታስቡም። እኔም ራስት የሚዘጋባትን አንዲት አጭር ሐረግ፣ ቀፍላ የሚሏትን፣ ለአንድ ሳምንት ሌላ ምንም ሳልጨምር ጠዋትና ማታ አልኳት። ኡድ የሚመታ ጓደኛዬ መነሻውን ድምፅ ብቻ እያስጮኸ ይይዝልኝ ነበር። ሰው ካጣችሁ ስልክ ላይ መነሻ ድምፅ የሚይዙ ነፃ አፕሊኬሽኖች አሉ። ፒያኖ ግን በፍጹም አትጠቀሙ። አንዴ ፒያኖ የነካ ጆሮ ለዚያ ቀን ሲካን አያገኝም፣ እኔ እንዲያ ነበርኩ።

ሁለተኛው ማዳመጥ ነው፣ ዝም ብሎ ማዳመጥ ግን አይደለም። አንድ የድሮ ሸክላ እመርጥና ግማሽ ደቂቃውን ብቻ ደጋግሜ እሰማለሁ። ከዚያ እላለሁ። ከዚያ ራሴን ቀርጬ ሁለቱን ተራ በተራ እሰማለሁ። ግማሽ ደቂቃ ለመያዝ ሦስት አራት ቀን ይፈጃል። አይሰለችም ብዬ አልዋሻችሁም፣ ይሰለቻል። ግን በስድስተኛው ወር አንድ ቀን ኡስታዝ ራስት ሲመቱ ሲካው ሳላስበው ከአፌ ወጣ። ምንም አላሉም፣ መምታታቸውን ቀጠሉ። እንዴት ደስ እንዳለኝ ልነግራችሁ አልችልም።

የፊደሉን ነገር ደግሞ ሰፋ አድርጌ ልንገራችሁ፣ እኛን የሚመለከት ስለሆነ። አማርኛ ተናጋሪ ጠ፣ ጸ፣ ቀ ሲል ጉሮሮውን ዘግቶ ያፈነዳቸዋል። የአረብኛዎቹ ጣእ፣ ሷድና ቃፍ አይፈነዱም። የምላስ ጀርባ ወደ ኋላ ይሰበሰባል፣ አጠገባቸው ያለው አናባቢም ይወፍራል። ስናወራ ልዩነቱ ብዙም አይጎዳም፣ ሰው ይረዳናል። ስንዘፍን ግን ያቺ ፍንዳታ ትንፋሽ ትቆርጣለች፣ ረጅም ስንኝ መሃል ላይ ዜማው ይሰበራል። እኔ የድምፅ ችግር ነው ብዬ ስጨነቅ የነበረው ነገር ግማሹ የ"ጠ" ችግር ሆኖ ተገኘ። ሐ እና ዐ ደግሞ በፊደላችን አሉ፣ ባፋችን የሉም። ሦስት ዓይነት ሀ ጽፈን አንድ ነው የምናነበው። ትግርኛ ተናጋሪ ጓደኛ ካላችሁ ቁጭ ብላችሁ ከእሱ ስሙት፣ ነፃ ትምህርት ነው። ዘፋኙ የማቃም ችሎታውን የሚያሳይበት፣ ያለ ምት በነፃ የሚያዜመው ለያሊ የሚባለው ክፍል "ያ ለይል፣ ያ ዐይን" በሚሉ ቃላት ላይ ነው የሚቆመው። ሌሊትና ዐይን ናቸው፣ የኛው ቃላት ዘመዶች። ዐይን ላይ ያለውን ዐ ግን ጉሮሮ ላይ አትቆዩበት፣ ነካ አድርጋችሁ አናባቢው ላይ ዘርጉት። አለበለዚያ ያንቃችኋል።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ፊደል የምትሉበት መንገድ እንደ ዘፈኑ ይለያያል። ቀሲዳ፣ ማለትም በፉስሓ፣ በመደበኛው የጽሑፍ አረብኛ፣ የተገጠመ ግጥም ከሆነ፣ ቃፍ ቃፍ ነው። በካይሮ የመንገድ አረብኛ የተገጠመ ከሆነ ቃፉ ይጠፋል፣ ጂም ደግሞ ገ ይሆናል። ቁርአን መቅራት የጠቀመኝ ለመጀመሪያው ነው። ለሁለተኛው የጠቀሙኝ አትክልት ሻጯ ሴትዮና የሚኒባሱ ረዳት ናቸው።

ድምፄን የጎዳሁበትን ታሪክ ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። በሁለተኛው መንፈቅ የታላቋን ግብጻዊት ዘፋኝ የኡም ኩልሱምን የአዘፋፈን ስልት ለማጥናት ከቀረጻው ጋር በቀረጻው የድምፅ ቁመት አብሬ እዘፍን ነበር፣ በቀን ሁለት ሦስት ሰዓት። የእሷ ድምፅ ወደ ታች ጥልቅ ነው፣ እኔ ደግሞ ቀጠን ያልኩ ነኝ። ጉሮሮዬን እየጫንኩ ወረድኩ። አንድ ጠዋት ስነሳ ድምፅ የለም። ሐኪሙ ሦስት ሳምንት እንዳልዘፍን፣ እንዳላንሾካሹክም ጭምር አዘዘኝ። ማንሾካሾክ ድምፅን የሚያሳርፍ ይመስለኝ ነበር፣ ለካ ይጎዳል። በአረብ ሙዚቃ ማቃሙን ለዘፋኙ ጉሮሮ ከሚመች መነሻ አስነስቶ መዝፈን የተለመደ ነው። የማንንም ቁመት ለመጠበቅ ብላችሁ ጉሮሯችሁን አትጉዱ። ደግሞም በምዕራቡ የክላሲካል ስልት የሰለጠነች ሴት የራስ ድምፅ ለምዳለች፣ እዚያ ግን የሚፈለገው ከደረት የሚወጣ፣ ለንግግር የቀረበ ድምፅ ነው። ሽግግሩን ቀስ ብላችሁ፣ በአስተማሪ ፊት አድርጉት።

አሁን ወደ ምርምሩ።

ግብጽ ውስጥ ሁለት ዓይነት የሙዚቃ ትምህርት ቤት አለ። ጊዛ ባለው የኪነ ጥበባት አካዳሚ ሥር ያለው የአረብ ሙዚቃ ከፍተኛ ተቋም አለ። የሙዚቃ አስተማሪ የሚያሰለጥኑ የሙዚቃ ትምህርት ፋኩልቲዎች ደግሞ አሉ፣ አንዱ የታወቀው ዛማሌክ ነው። የትኛው እንደሚስማማችሁ ቀድማችሁ ወስኑ። የትምህርት ፋኩልቲ ከሆነ፣ ምርምራችሁ መጨረሻ ላይ ለተማሪ የሚሆን ነገር፣ ብዙ ጊዜ ልምምዶች፣ ማውጣት አለበት። ይህን ሳላውቅ ነው የመጀመሪያውን ፕሮፖዛሌን ይዤ ሰሚናር የገባሁት። ርዕሴ ስለ ኡም ኩልሱም ጥበብ በጠቅላላው ነበር። አንዲት ፕሮፌሰር "ሸጋ ነው፣ የሦስተኛ ዓመት ተማሪዬ ከዚህ ምን ይለማመዳል?" ብለው ጠየቁኝ። መልስ አልነበረኝም። ርዕሱ ተመለሰ። ያን ጊዜ አንጀቴን ቢያቆስለኝም ጥያቄያቸው ትክክል ነበር።

ሁለተኛው ርዕስ ከራሴ ቁስል ወጣ። ፒያኖና የምዕራብ ሶልፌጅ (ኖታን በድምፅ ማንበብ) ቀድሞ የተማረ ተማሪ የራስቱን ሲካና የባያቲውን ሲካ ለይቶ እንዲዘፍን የሚያደርጉ የድምፅ ልምምዶች። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ሁለት ዓመት ግን ሞልታለች። ርዕስ ስትመርጡ ጠባብ ምረጡ፣ ደግሞ በራሳችሁ ጉሮሮ የተቸገራችሁበትን ምረጡ። የራሴን ችግር ስለማጠና ተማሪዎቹ የት ላይ እንደሚሰናከሉ ሳይነግሩኝ አውቅ ነበር።

አሠራሩ በአጭሩ ይህን ይመስላል። ከድሮ ቀረጻዎች ሐረጎች መረጥኩ፣ ከእነሱ ልምምዶች ሠራሁ፣ ልምምዶቹን ለነባር አስተማሪዎች አሳይቼ አስተያየታቸውን ሰበሰብኩ። ከዚያ ጥቂት ተማሪዎችን ከልምምዱ በፊት ፈተንኩ፣ አንድ መንፈቅ አለማመድኳቸው፣ እንደገና ፈተንኩ። ከባዱ ቀረጻ መምረጡ ነበር። ልክ ለማውጣት የተጠቀምኩት ፕራት የሚባለውን፣ ለቋንቋ ድምፆች ጥናት የተሠራ ነፃ ፕሮግራም ነው። ፕራት አንድ ድምፅ ብቻውን ሲሆን ጎበዝ ነው። ቫዮሊኑና ቃኑን የሚባለው ባለ ብዙ ክር መሣሪያ አብረው ከገቡ ይሳሳታል። ስለዚህ ዘፋኙ ብቻውን የሚቀርበትን ለያሊና መዋል (ግጥም ይዞ ያለ ምት የሚዜመውን) ምረጡ። ሸክላዎቹ ሲቀረጹም ሲገለበጡም ፍጥነታቸው አንድ ስላልነበረ "ይህ ዘፋኝ ከዚህ ድምፅ ነው የተነሳው" ብላችሁ በኸርዝ አትማሉ። በሁለት ድምፆች መካከል ያለው ርቀት ግን ሸክላው ቢፈጥንም ቢዘገይም አይለወጥም፣ ስለዚህ በሴንት አስሉት። አንድ ግማሽ ድምፅ 100 ሴንት ነው። ይህችን ነገር ባላገኛት ኖሮ ምዕራፍ ሦስቴ ገደል ገብቶ ነበር።

በ1932 (እ.ኤ.አ.) ካይሮ ላይ ስለተደረገው የአረብ ሙዚቃ ጉባኤ ሳታነቡ ፕሮፖዛል አትጻፉ። በንጉሥ ፉአድ ጊዜ ነው። አውሮፓውያኑ የሙዚቃ ደራሲዎች ባርቶክና ሂንደሚት ሳይቀሩ መጥተዋል፣ ከኢራቅ ከሞሮኮ ከቱኒዚያም ቡድኖች መጥተው በሸክላ ተቀርጸዋል። እዚያ ጉባኤ ላይ የተከራከሩበት ነገር እኔ ክፍል ውስጥ የቆሰልኩበት ያው ነገር ነው። ኦክታቩ ለ24 እኩል ይከፈል ወይስ አይከፈል፣ ፒያኖ ይግባ ወይስ አይግባ። ይግባ ያሉት ዘመናዊ መሆን የፈለጉ ግብጻውያን ሲሆኑ፣ ተዉ ያሉት ብዙዎቹ አውሮፓውያን ነበሩ። እኔ ይህን ሳነብ ብቻዬን አለመሆኔን አየሁ። ጉባኤው የተካሄደበት ሕንፃ ራምሲስ መንገድ ላይ ዛሬም አለ፣ ውስጡ የዘፋኙና የዜማ ደራሲው የመሐመድ አብዱልወሃብ ሙዚየም አለ። ሂዱና እዩት። ለድሮ ቀረጻ ደግሞ ሊባኖስ ያለው አማር የሚባለው ድርጅት በኢንተርኔት ያስቀመጣቸው የአረብኛ ዝግጅቶች አሉ፣ እኔን ከቤተ መጻሕፍት በላይ ጠቅመውኛል። ማቃም ገና ለምትጀምሩ ማቃም ወርልድ የሚባለው ድረ ገጽ በነፃ ድምፅ ያሰማችኋል።

ስለ ቁርአን አንድ ቃል ልበል፣ ሙስሊም ለሆነም ላልሆነም ተማሪ። የግብጽ ቃሪዎች፣ ቁርአን የሚቀሩት፣ ማቃም ያውቃሉ። ሸይኽ ሙስጠፋ ኢስማዒልን የሰማ ሰው ይህን አይጠይቅም። ኡም ኩልሱምም ገና ልጅ ሳለች ቁርአን ከአባቷ ተምራ ነው ያደገችው። ለጆሯችሁ ስሙት። ነገር ግን ቂራአትን፣ የቁርአን ንባቡን፣ ከዘፈን ጋር አንድ ሠንጠረዥ ውስጥ አትክተቱ፣ ለእነሱ ሙዚቃ አይደለም፣ ለኔም አይደለም። አማካሪዬ ይህን ገና ሳልጠይቅ ነው የነገሩኝ።

ምት ላይ ደካማ ከሆናችሁ ሙወሸሕ የሚባለውን የድሮ የዘፈን ዓይነት ከመጀመራችሁ በፊት ሰማዒ ሰቂል የሚባለውን ምት በእጃችሁ ጭናችሁ ላይ ያዙት። አሥር ምት ነው፣ ዱም ወፍራሙ ተክ ቀጭኑ ድምፅ ነው። 1 ላይ ዱም፣ 4 ላይ ተክ፣ 6 እና 7 ላይ ዱም፣ 8 ላይ ተክ። እየሄዳችሁ፣ ሳህን እያጠባችሁ በሉት። ድቤ ሲመታ ያደገ የወሎ ልጅ ይህ አይከብደውም።

ወረቀቱ፦ ዲግሪና ትራንስክሪፕታችሁን ከትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ ከውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ከዚያ ከግብጽ ኤምባሲ አስመስክሩ፣ በአረብኛም አስተርጉሙ። እዚያ ስትደርሱ የአቻ ግምት ይጠየቃል፣ የኔ ወራት ወስዷል። የውጭ ተማሪ ክፍያ በውጭ ምንዛሪ ነው፣ ከመሄዳችሁ በፊት የፋኩልቲውን የወቅቱን ዋጋ በጽሑፍ ጠይቁ። በመጀመሪያ የዝግጅት ዓመት አለ፣ ተምሂዲ ይሉታል፣ ኮርስ ብቻ ነው፣ እሱን ሳታልፉ ርዕስ አይመዘገብም። ሁለት ዓመት ብዬ ሄጄ ሦስት የሆነው በዚህ ነው። ቴሲሱ በአረብኛ ነው የሚጻፈው። ቋንቋ የሚያርም ሰው በገንዘብ ያዙ፣ ከምግብ ቀንሳችሁም ቢሆን፣ ምክንያቱም ዲፌንስ ላይ ፈታኞቹ የሰዋስው ስህተት ገጽ በገጽ እየጠሩ ያነባሉ፣ ያውም አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት።

የኔ ዲፌንስ ሦስት ሰዓት ያህል ፈጀ። ልምምዶቹ ራስት ላይ ጥሩ ሠርተዋል፣ ባያቲ ላይ ግን ፒያኖ ረጅም ጊዜ የተማሩት ተማሪዎች ብዙም አልተለወጡም። ይህን ሳልደብቅ ጻፍኩት፣ ፈታኞቹም አብዝተው የጠየቁኝ እሱን ነው። ያልሠራውን ጻፉ። አንዱ ፈታኝ በመጨረሻ "በይ እስኪ ሁለቱን ሲካዎች አሰሚን" አሉኝ። ኡስታዝ ከኋላ ተቀምጠው ነበር፣ ኡዳቸውን አልያዙም። ያለ መሣሪያ ራስቱን አልኩ፣ ቀጥዬ ባያቲውን።

አሁን ደሴ ነኝ። በዚያው አሠራር የሽማግሌዎቹን መንዙማ መለካት ጀምሬያለሁ፣ ምክንያቱም ልጅ ሆኜ በአምስት ድምፅ ብቻ የሰማሁ የመሰለኝ ዜማ፣ አሁን ስሰማው አንዳንድ ሸይኾች ጋ ሌላ ትንሽ እርምጃ አለበት። ምን እንደሆነ ገና እየለካሁ ነው። ቤታችሁ የድሮ የመንዙማ ካሴት ካለ እባካችሁ አትጣሉት፣ ቴፑ ከላላም አታጫውቱት፣ እንዳለ አስቀምጡልኝ፣ መጥቼ እገለብጠዋለሁ።